የጋሼ ቬሪ ሦስት ጣሳዎች

ጋሼ ቬሪ እንግሊዝኛ የሚያስተምሩት ከጣሳ እየቀዱ ነው። ቀልድ አይደለም። ከሰፈሩ ጋራዥ ኋላ ባለችው ጠባብ ክፍላቸው፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ሦስት የዱቄት ወተት ጣሳዎች ተደርድረዋል፤ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ። ቀዩ ውስጥ «ሪሊ»፣ «ኤክስትሪምሊ»፣ «አብሶሉትሊ»ና ወንድሞቻቸው በቁራጭ ወረቀት ተጽፈው ታጭቀዋል፤ እሳቸው «አጋናኞቹ» ይሏቸዋል። ቢጫው ውስጥ እነ «ቢዩቲፉል»፣ እነ «ፍሬሽ»፣ እነ «ሞደርን» አሉ፤ «አሳማሪዎቹ» ናቸው። ሰማያዊው የነገር ስም ነው፤ ያውም አንድም ነጠላ የለበትም፣ ሁሉም ብዙ። ተማሪው ከየጣሳው አንድ አንድ ያወጣና ይጮኻል፦ «ሪሊ! ፍሬሽ! ፍላወርስ!» ክፍሉ ተቀብሎ ይጮኻል። የጋራዡ ውሻ ሳይቀር ይቀበላል።

ግስ የሚባል ነገር በዚያ ቤት ደጅ አልረገጠም። አንዱ ተማሪ ደፍሮ ቢጠይቃቸው፣ «ግስ የሎሌ ነው» አሉት፤ «አምጣ፣ ውሰድ፣ ጥረግ! ጌታ ያደንቃል እንጂ ምን ይሠራል? ነጠላም የድሃ ነው። አንድ ወንበር፣ አንድ ጫማ እያለ የሚያወራን ሰው ማን ከሰው ይቆጥረዋል?» ሰፈሩ ይህን ሰምቶ ጉድ አለ፤ ልጆቹንም ላከ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። እነዚህ ደግሞ ሞኞችም ናቸው፣ ወረቀትም ይዘዋል።

ያልተደነቀች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። የኤሌክትሪክ ዕቃ ትጠግናለች፤ ሱቋ ከጋራዡ ፊት ለፊት ነው። ካውያ፣ ምድጃ፣ የውሃ ማሞቂያ፣ ምኑ ቅጡ፣ የተቃጠለ ነገር ሁሉ እሷ ጋ ይመጣል። እንግሊዝኛን ማንም አላስተማራትም። ከዕቃዎቹ ጋር በየካርቶኑ የሚመጡትን የአጠቃቀም መመሪያዎች፣ አንድ ጀርባው የተገነጠለ መዝገበ ቃላት ይዛ፣ አንድ በአንድ ፈልፍላ ጨረሰቻቸው። መጀመሪያ ያነበበችው ቃል ከአንድ ማሞቂያ ጀርባ፣ ከራስ ቅል ሥዕል በታች የተጻፈው «ዴንጀር»፣ አደጋ፣ ነበር። ሰፈሩም ስሟን ዴንጀር አላት። ስሙን ወደደችው። ሰው ከሩቁ ሲጠነቀቅ ደስ ይላታል።

«አጋናኝ ያለ ማሰሪያ!» ትላለች የጣሳውን ጩኸት በሰማች ቁጥር፣ ከብየዳው ቀና ሳትል። «ሰርገኛ የሌለበት ሚዜ! እስቲ በሞቴ፣ እነዚያ ሪሊ ፍሬሽ አበቦች ምን ሆኑ? ተሸጡ? ጠወለጉ? ፍየል በላቻቸው?»

የሚያንገበግባት ግን የባዳ ልጅ አልነበረም፤ የገዛ ታናሿ ነበረች። ሚጢጢ ጣሳዎቹን አንድ ዓመት ሙሉ ስትቀዳ ቆይታ ቤቱን በሙገሳዋ አጥለቀለቀችው። አንድ ቀን ከበር ገብታ እናታቸውን አቅፋ፣ «አብሶሉትሊ ቢዩቲፉል ማዘርስ!» አለች። እናት በሐፍረት ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ።

«ስንት እናት ነው ያለሽ?» አለች ዴንጀር።

«እትዬ ደግሞ! ለክብር እኮ ነው።»

«ተያት እስቲ» አሉ እናት። «አንቺ መቼ እንዲህ ያለ ነገር ብለሽኝ ታውቂያለሽ?»

ዴንጀር የእናቷን የተበላሸ ምድጃ ተሸክማ ወደ ሱቋ ወጣች።

ሚጢጢ የምትሠራው እላይ መንገዱ ጋ ባለው ሆቴል፣ ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ነው። በረኪናው ጣቶቿን ሰነጣጥቆት ማታ ማታ ማንኪያ መያዝ ያቅታታል። አሁን እንግዳ መቀበያው ላይ ቦታ ተገኘ፤ ሥራ አስኪያጇም ለሳምንት ሙከራ አወጣቻት። ካለፈች ላይ ትቀራለች። ከወደቀች ተመልሳ ወደ በረኪናው ነው።

ወሬው በደረሰ ቀን ጋሼ ቬሪ መንገድ ላይ ቆመው፣ ደረታቸውን ነፍተው፣ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ «የኔ ተማሪ!» ሲሉ ዴንጀር ከሱቋ ወጣች።

«ጋሼ፣ በእርስዎ ጣሳ ሰው ሥራ ከያዘ ምን አለች በሉኝ። በርዎ ላይ ያለችውን የዛገች ሰሌዳ በገዛ እጄ አድሼ እቀባታለሁ!»

«ሰማችሁ?» አሉ ጋሼ ቬሪ ወደ ሰዉ ዞረው። «ሁላችሁም ሰምታችኋል!»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ዴንጀር ይህን ያወቀችው ወደ ሱቋ ተመልሳ ወንበሯ ላይ ስትቀመጥ ነው። እህቷ እንድታልፍ አንጀቷ ይፈልጋል፤ እንድትወድቅ ደግሞ ምላሷ ፈርዶባታል።

ሳምንቱ ሊያልቅ ሲል፣ ረፋድ ላይ፣ ዴንጀር የጠገነችውን የሆቴሉን ካውያ ልትመልስ ሄደች። ሚጢጢ ከረጅሙ ጠረጴዛ ኋላ ቆማለች፤ ፀጉሯ ተይዟል፣ የተሰነጣጠቁት ጣቶቿ ከመዝገቡ ሥር ተደብቀዋል። ሥራ አስኪያጇ በሩ አጠገብ እጇን አጣጥፋ ታያታለች።

ያን ጊዜ አንድ የውጭ ሰው ደረጃውን እየዘለለ ወረደ። ሱሪ ለብሷል፤ ከወገብ በላይ ራቁቱን ነው፤ ግማሽ ራሱ ሳሙና ነው። እየጮኸ ወደ ላይ ይጠቁማል።

ሚጢጢ ፈገግ አለች። «ጉድ ሞርኒንግ! ሪሊ ዋርም ሻወርስ!»

ሰውየው ደነገጠ። ደግሞ ጮኸ። ሚጢጢ ከቃላቱ አንዱን ያዘች መሰላት፤ ጣሳዎቹን በልቧ ስትበረብር ዴንጀር ከዓይኗ አየችው። «ኤክስትሪምሊ ሞደርን ባዝሩምስ!» አለች።

«ይቺ ልጅ አትሆነንም» አለች ሥራ አስኪያጇ፣ በቀስታ።

ዴንጀር ሰውየው የሚለውን ሰምታለች። ማሞቂያው እየጨሰ ነው፤ ከውስጡ ብልጭታ ይወጣል፤ ቦርሳው ክፍሉ ውስጥ ነው። አፏን ብትይዝ አሸነፈች። ጋሼ ቬሪ ነገ ጣሳቸውን ይዘው ይሰደዳሉ፤ እሷም ባፏ እንደተከበረች ትኖራለች። ካውያውን አንዴ ከቀኝ እጇ ወደ ግራ እጇ አዛወረችው። ሚጢጢ ከጠረጴዛው ኋላ አየቻት። «እትዬ» ብቻ አለች፤ ድምፅም አልወጣት፣ ከንፈሯ ነው የተናገረው።

ሰውየው እነዚህ ሰዎች እንደማይረቡት ቆርጦ፣ ውሃ እየተንጠባጠበ፣ ተመልሶ ወደ ደረጃው ዞረ።

«ስቶፕ!» አለች ዴንጀር። «ዶንት ተች! ኪፕ ድራይ! ስታንድ ባክ!»

ሰውየው ባለበት ደርቆ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ።

ካውያውን ጠረጴዛው ላይ ጥላ ወደ ላይ ሮጠች። ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ያለውን የመብራት መቁረጫ፣ ብሬከሩን፣ አወረደች፤ ክፍሉ ገባች፤ ማሞቂያው ከጎኑ ጠቁሯል፤ ገመዱ ቀልጦ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ሰውየው እርጥብ እጁን ቢያሳርፍበት ኖሮ መዝገቡ ላይ መውጫውን የሚፈርምለት ሌላ ሰው ይፈለግ ነበር። መስኮቱን ከፍታ፣ ቦርሳውን ይዛ ወረደች።

ስትመለስ ሰውየው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሚጢጢ ትከሻው ላይ ፎጣ ጣል አድርጋለታለች፤ ሻይ ይዛ ፊቱ ተንበርክካለች። «ትሩሊ ብሬቭ ጀንትልሜንስ» ትለዋለች፣ ከልቧ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። ሰውየው ዙሪያውን አየ፤ ሌላ ጀግና ፈለገ፤ አጣ። ከዚያ ሳቀ። ሳቁ እያደገ ሄዶ ሳሙናው ከግንባሩ ወረደ። ዴንጀር ቦርሳውን ስታቀብለው ግን ሳቁን ቆረጠና ትንሽ ሸሸት አለ።

ሥራ አስኪያጇ ዴንጀርን ወደ ጥግ ሳበቻት።

«የኔ እህት፣ እጅሽ ይባረክ። ቤቴን አተረፍሽልኝ። ሚጢጢም ትቀራለች፤ የተናደደን ሰው ያሳቀ ሰው አይቼ አላውቅም።»

«ሻወሩ እየተቃጠለ ሻወሩን ስታሞግስ አልሰማሽም?»

«ሰማሁ። እሱን ትማራለች።» ሥራ አስኪያጇ ፈገግታዋን በእጇ ሸፈነች። «ለአንቺም ቦታ ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር። ግን አንቺን እዚህ ጠረጴዛ ጋ ባቆምሽ እንግዳው ሁሉ እጁን ሰቅሎ ነው የሚመዘገበው።»

ማታ ሚጢጢ ከሥራ ስትወጣ ሁለቱ እህትማማቾች አብረው ወደ ቤት ሄዱ። አንድ ሻንጣ ሻጭ ጋ ሲደርሱ ሚጢጢ ክንዷን በእህቷ ክንድ አስገባች።

«እትዬ፣ አትቆጪኝና አንድ ነገር ልበልሽ?»

«በዪ።»

«የአንቺ እንግሊዝኛ እኮ ልመና የለውም፤ ምስጋና የለውም፤ አድርግና አታድርግ ብቻ ነው። ሰው የምታናግሪ አይመስልም። ማሞቂያ ነው የምታናግሪው።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ዴንጀር ያነበበቻቸውን መመሪያዎች ሁሉ በልቧ ገለጠቻቸው። ይንቀሉ፣ ይዝጉ፣ አይንኩ፣ አይክፈቱ። «እንደምን ዋልክ» የሚል ካውያ አላገኘችም።

«የአንቺ ደግሞ» አለች፣ «ቤቱ እየነደደ ነበልባሉን ያደንቃል።»

«አውቃለሁ» አለች ሚጢጢ። «ለዚህ እኮ ነው ያን ጊዜ ወዳንቺ ያየሁት።»

ዴንጀር ክንዷን አልነጠቀችም። ያም ከእሷ ሲጠበቅ ብዙ ነው።

ጋሼ ቬሪ በነጋታው የሚጢጢን ፎቶ በራቸው ላይ ለጥፈው፣ ቀለምና ብሩሽ ይዘው፣ ግማሹን ሰፈር አስከትለው ከሱቋ ፊት ተገተሩ። ስለ ጢሱም ስለ ብሬከሩም አልሰሙም፤ ቢሰሙም «ጣሳው ነው» ይሉ ነበር።

«ልጄ፣ ቃል የእምነት ዕዳ ነው» አሉ። «ውጪ!»

ወጣች። መሰላል ላይ ቆማ የዛገችውን ሰሌዳ ፋቀች፤ ያዘዟትን በእንግሊዝኛ ፊደል አሳምራ ጻፈች፦ «ኤክስትሪምሊ ሰክሰስፉል ስቱደንትስ»። የማታምንበትን ነገር እንኳ አንጋዳ መጻፍ አይሆንላትም። ከዚያ ትንሽ ቦታ ተርፎ አየች። ብሩሹን ነክራ፣ ከመድኃኒቱም ከማጽጃውም ጀርባ እስኪሰለቻት ያነበበችውን አንድ መስመር ከሥር ጨመረች፦ «ኪፕ አዌይ ፍሮም ችልድረን»፤ ከሕፃናት አርቀው ያስቀምጡ።

ጋሼ ቬሪ አንገታቸውን ሰግገው አነበቡ። «ችልድረን» የምትለዋን አወቋት፤ ከሰማያዊው ጣሳ ናት። ፊታቸው በራ።

«እቺ የታችኛዋ ምንድን ናት?»

«ምክር ናት ጋሼ» አለች ዴንጀር ከመሰላሉ እየወረደች።

«ምክሮች!» አሉ ጋሼ ቬሪ ጣታቸውን ቀስረው። «ምክሮች በዪ እንጂ፣ ልጄ!»