የማይንቃጨል ሐብል

ጎረቤት የሆኑት ወይዘሮ አገርነሽ ወደ ድንኳኑ ሲገቡ ለቀስተኛው ሁሉ ለአፍታ ማልቀሱን ረሳ። ቢጫ ቀሚስ ለብሰዋል፤ ያውም ትልልቅ ቀይ አበባ ያለበትን፣ ለልጅ ልጃቸው ክርስትና ያሰፉትን።

"አትዩኝ!" አሉ እያነቡ። "ጥቁር ልብሴ ሳጥን ውስጥ ነው፤ የሳጥኑ ቁልፍ ደግሞ እሱ ዘንድ ነው!" እጃቸውን ወደ ሟቹ ፎቶግራፍ ዘረጉ። "እንድሪያስ! ልጄ! ምነው ቁልፌን ሳትመልስልኝ!"

ከጥግ በኩል አንድ ሰው ሳል የሚመስል ነገር አፈነ። ማዕዶት ግን ቀና አላለችም። ባሏ ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ እሷ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ ተማሪ እንደሚፈትን መምህር ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ሰው ፊት ማልቀስ አልሆንላት ብሏል። ዩኒቨርሲቲ የውኃ ልኬት እንደምታስተምር የሚያውቁት ሴቶች፣ ንፍሮውን እየዘገኑ ይንሾካሾካሉ።

"ውኃ ትለካ የለ? እንባዋንም ለክታ ነው የያዘችው።"

እንድሪያስ ጌጥ ሠሪ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ልቡ ድንገት ቀጥ እስክትልበት ድረስ፣ ሴቻ ሰፈር ከቤታቸው ጓሮ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ሐብልና የጆሮ ጌጥ ሲሠራ ኖሯል። አዲስ ናስ ገዝቶ አያውቅም። "የሱቅ ብረት ድዳ ነው" ይል ነበር። "ሃያ ዓመት የሰው እጅ ያሸው ብረት ግን ያወራል።" ይህን የተማረው ልጅ ሳለ በትውልድ መንደሩ በኦቾሎ፣ አባቱ ሸማ ከሚሠሩበት ጉድጓድ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ነው፤ መወርወሪያው የአባቱ ጣት በሚያርፍበት በኩል ብቻ እንደ መስተዋት ያበራ ነበር። ካደገ በኋላም ሰው ቤት ሲጋበዝ ዓይኑ ከወጡ ይልቅ የበሩ እጀታ ላይ ያርፋል። "ለሁለት ቀን አውሰኝ፣ ቅርጹን ልየው" ይላል። ሁለቱ ቀን ዓመት ይሞላዋል።

ወይዘሮ አገርነሽ በር ከከፈቱ በኋላ ሌላውም ደፈረ። አባ ዘሚካኤል ካጽናኗት በኋላ ጠጋ አሉ።

"ልጄ፣ ጊዜው አይደለም እንጂ…"

"ይበሉ አባ።"

"የማጠኛዬን፣ የጽናዬን አንዲት ሻኩራ፣ ያቺን ትንሽ ቃጭል፣ ላጥብቅልዎ ብሎ ወስዶብኝ ነበር። ፍትሐቱን ስጸልይለት ጽናዬ እየተንተባተበ አሳፈረኝ። ሻኩራዎቹ በሐዋርያት ቁጥር ናቸው፤ አሁን ሐዋርያቱ አሥራ አንድ ሆኑብኝ።"

እሳቸው ሳይነሱ የባጃጅ ሹፌሩ ኦይታ ቆቡን እያሻሸ መጣ።

"ቲቸር፣ ነፍስ ይማር። የክላክሴ መጫኛ፣ በአውራ ጣቴ የምጫናት፣ እሱ ጋ ናት። ከአሮጌ ኤንትሬ የጭነት መኪና የነቀልኳት ናስ ናት። ሁለት ወር ሙሉ በአፌ ነው የምነፋው። በቀደም የሲቀላን ቁልቁለት 'ጲጵ ጲጵ' እያልኩ ስወርድ ጉሮሮዬ ተዘጋ፤ ለቀብሩ ማልቀሻ ድምፅ አጣሁ።"

"እፈልጋለሁ" አለች ማዕዶት።

በቆርቆሮዋ ክፍል ውስጥ ብዙ አልፈለገችም። ሥራውን የሚያስቀምጥበትን የዱቄት ወተት ጣሳ ስትከፍት አዲስ ሐብል አገኘች። መሐሉ ላይ የሳጥን ቁልፍ፣ በግራ የክላክስ መጫኛ፣ በቀኝ ሻኩራዋ፤ ሁሉም በቀይ፣ በቢጫና በጥቁር የኦቾሎ ጥጥ ተያይዘዋል። አንስታ ድምፁን ጠበቀች። ምንም። ነቀነቀችው። ምንም። ብረቶቹ እርስ በርስ እንዳይነካኩ አንገታቸው በጥጥ ተጠምጥሟል፤ የሻኩራዋም ሆድ ጥጥ ጎርሷል።

በዘጠኝ ዓመት ትዳር የሠራላትን አንዱንም አድርጋ አታውቅም።

"አያምርም ማለትሽ ነው?" ይላት ነበር።

"ያምራል። ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ግን ይንቃጨላል፤ ተማሪው እኔን ትቶ እሱን ያዳምጣል።"

"ታዲያ እንደ ፍየል ስትጠፊብኝ በምን ላግኝሽ?"

ሐብሉን ቤት አስገብታ ከፈተና ወረቀት ክምር ሥር ደበቀችው። ወጥታም፣ ተማሪን ለግማሽ ነጥብ የማትዋሸው ሴት፣ ለሦስቱም "አላገኘሁም" አለች።

በሣልስቱ ወይዘሮ አገርነሽ በቢጫው ቀሚስ ተመልሰው መጡ። በውሰት የደረቡት ጥቁር ነጠላ አጥሮ ከትከሻቸው በታች አይወርድም። ከምዕራብ ዓባያ የመጣ አንድ እንግዳ ከመንገድ አይቷቸው ቆመ።

"እናቴ፣ ሠርጉ እዚህ ነው?"

ወይዘሮ አገርነሽ ቀሚሳቸውን ቁልቁል አዩና፣ "ግባ ልጄ፣ ለቅሶ ነው። እኔን አይተህ አትፍረድ፣ ሟቹ ነው ያለበሰኝ" ብለው ከማንም የበለጠ አለቀሱ።

ማዕዶትን ሳቅ ጉሮሮዋ ድረስ መጣባት፤ ከሳቁ ጋር ሌላም ነገር ሊወጣ ሲል ብድግ ብላ ቤት ገባች። ሐብሉን ከወረቀቶቹ ሥር አወጣች፤ መቀስ ግን አላነሳችም። ባሏ የቋጠረውን አንድ በአንድ በጥፍሯ ፈታች፤ የድንኳኑ ሰው ሻዩን ጨርሶ ደግሞ እስኪቀዳ ድረስ ፈጀባት።

ወጥታ ለባለቤቶቹ ስትመልስ፣ ወይዘሮ አገርነሽ ቁልፉን ነጥቀው ሮጡ። ኦይታ መጫኛዋን ይዞ ወጣ፤ ጥቂት ቆይቶ የክላክስ ድምፅ ከበሩ ላይ ረዘም ብሎ ጮኸ፤ እሱም መሪው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። አባ ዘሚካኤል ሻኩራዋን ነቀነቋት።

"ምነው ድምጿ?"

ማዕዶት ከፀጉሯ ማስያዣ ሽቦ ነቅላ ጥጡን ጎትታ አወጣችው። ሻኩራዋ ቅጭል ብላ ጮኸች።

ወይዘሮ አገርነሽ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሰው ተመለሱ። "አሁን ገና ለቅሶ ደረስኩ!" አሉና ከመጀመሪያው ጀመሩ። መሐል ላይ ግን ማዕዶት የተረፈውን ባዶ ክር አንገቷ ላይ ስታስር አይተው ጎንበስ አሉ።

"ልጄ፣ በሐዘን ጌጥ አይደረግም። ሰው ያይሻል።"

ማዕዶት ሰሌዳ ላይ እንደምትጽፍ ቀኝ እጇን ከፍ አደረገች፤ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ወሰደችው።

"ይሰማል፣ እትዬ?"

"ምኑ?"

"የሚንቃጨል ነገር።"

"ምንም አይሰማም።"

"እሺ" አለች። ክሩን በቀሚሷ አንገት ውስጥ አስገባች፤ ከሻኩራዋ ሆድ የወጣውን ጥጥም ጠቅልላ ዓይኗ ላይ ጫን አደረገችው።