መኪናው ሳይነሳ የተጻፈ ቁጥር

የድልድዩን የኮምፒውተር ሞዴል የሠራችው እሷ ነበረች። ከሃያ ቶን በላይ የማይፈቀድበት አሮጌ ድልድይ አርባ ይችል እንደሆነ እንድታጣራ ታዛ፣ ሦስት ወር ሙሉ እያንዳንዱን ብረት በቁጥር ስትቀምር ከረመች። ሞዴሉም ይችላል አለ። ሠራተኛው ከጀርባቸው «አቶ ፈርሙ» የሚላቸው የክፍሉ ኃላፊ ደስ ብሏቸው የፈቃዱን ወረቀት እንድትፈርም ከፊቷ ዘረጉ።

እሷ ግን እስክሪብቶ አላነሳችም። ሞዴሉ ከእውነተኛው ድልድይ ጋር አንድም ቀን እንዳልተመሳከረ ነገረቻቸው። እሳቸውም የገዛ ሥራውን የማያምን መሐንዲስ አይተው እንደማያውቁ ነግረው ሸኟት።

ነገሩ ከነከናት። ሹፌር አጎቷን ለምና፣ ከመንገድ ጥገና ክፍል ፈቃድ አግኝታ፣ ልክ ሃያ ቶን የሚመዝን የአሸዋ መኪና ድልድዩ መሀል ላይ አስቆመች። ሞዴሉ ድልድዩ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ዝቅ ይላል ብሎ ነበር። መለኪያው ላይ ያየችው አሥራ ስድስት ነው። አጎቷ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ ምነው ፊትሽ ጠቆረ ቢላት፣

«ሦስት ወር ሙሉ ስዋሽ ከርሜ ነው» አለችው።

ኃላፊው ግን መላ አላጡም፤ አንዷን ቁጥር ነካ አድርጋ ሞዴሉን አሥራ ስድስት እንድታሰኘው አዘዟት።

«መልሱን ካዩ በኋላማ ማን ያቅተዋል?» ብላ ወጣች።

ከድልድዩ ሥር ገብታ በጭቃው ውስጥ በሆዷ ተሳበች። ብረቶቹ ከሚያርፉባቸው ድጋፎች አንዱን ዝገት ጨርሶታል፤ ሞዴሏ ግን እንደ አዲስ ቆጥሮት ኖሯል። አስተካከለችው። ከዚያም መኪናው ወደ ዳር ተጠግቶ ቢቆም ድልድዩ ስንት ዝቅ እንደሚል አስልታ፣ «አሥራ አንድ» ብላ ጻፈችና፣ አጎቷ ሞተር ሳያስነሳ ወረቀቱን ለኃላፊው በእጃቸው ሰጠቻቸው። ሲለካ አሥራ አንድ ከግማሽ ሆነ።

አሁን ሞዴሉ የሚታመን ሆነ፤ የሚለው ግን አርባ ቶን አይታሰብም፣ ድጋፉ እስኪቀየር ሃያውም ይቅር ነው። አቶ ፈርሙ ፊታቸው ደም መሰለ።

«ሌላ ሰው ይፈርማል» አሏት።

«ይፈርም። የኔ ሪፖርት ግን መዝገብ ቤት ገብቷል፤ ፊርማው ከሱ ጎን ይቀመጣል።»

ኃላፊው እንዲፈርሙላቸው ሦስት ሰው ጠየቁ፤ ሦስቱም እጃቸውን ሰበሰቡ። እሷን ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት አዛወሯት። ኮምፒውተሯን ታቅፋ፣ ቀና ብላ ሄደች። በሳምንቱ ድልድዩ ለከባድ መኪና ተዘጋ። አጎቷ በሌላ መንገድ መዞሩ አንድ ሰዓት ጨመረብኝ ብሎ ቢያማርርባት፣

«ዙር» አለችው።