ማንም ያልሞተበት ለቅሶ

ቢሻው ዮጋ የጀመረው ለጤናው እንደሆነ ለሰው ሁሉ ይናገር ነበር። ውሸቱን ነው። የጀመረው ሚስቱን መናፈቅ ቢያስተወኝ ብሎ ነው።

ሚስቱ ሀዊ ነርስ ናት፤ ማንቡክ ተመደበች። እሱ አሶሳ፣ ክልሉ ቢሮ ውስጥ የዕቅድ ባለሙያ ነው። ያኔ ቢሮው ገና አዲስ ነበር፤ ሕንፃው አዲስ፣ ወንበሩ አዲስ፣ ማኅተሙ አዲስ። አሮጌ ነገር ቢኖር የዝውውር ጥያቄ ብቻ ነው። ክልሉስ አንድ ነው ይባላል፤ ግን አባይ መሀሉ ላይ ተኝቶበታል። ከማንቡክ አሶሳ ለመምጣት ከክልሉ ወጥቶ፣ በቻግኒና በቡሬ ዞሮ፣ ወለጋን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ፣ ተመልሶ ክልሉ ውስጥ መግባት ነው። እንዲህ ያለውን መንገድ ሰው የሚሄደው ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ነው፤ ለናፍቆት ፈቃድ የሚሰጥ አለቃ የለም።

ስልኩም ከመንገዱ አይሻልም። ሀዊ ኔትወርክ የምታገኘው ከጤና ጣቢያው ጀርባ ያለችው ጉብታ ላይ ስትወጣ ነው፤ የምትወጣው ደግሞ በሽተኛ ፋታ ሲሰጣት ነው። መቼ እንደምትደውል ስለማይታወቅ ቢሻው ስልኩን ሽንት ቤት ይዞት ይገባል፤ ገላውን ሲታጠብ በላስቲክ ጠቅልሎ ሳሙናው አጠገብ ያስቀምጠዋል። ማታ ማታም ስልኩ ጮኸ እያለ ይባንናል። እንቅልፍ እንዲህ ሲያምፅበት ነው ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሒሳብ የሚያስተምር አንድ ሕንዳዊ ያዘነለት። ምንጣፍ ላይ እንዴት እግር አጣጥፎ እንደሚቀመጥ፣ ትንፋሹን እንዴት እንደሚያዳምጥ አሳየው። ሐሳብ ሲመጣ አትታገለው አለው፤ ሐሳብ ባጃጅ ነው፣ በደጅህ ያለፈውን ባጃጅ ሁሉ ትሳፈራለህ እንዴ? ተወው ይለፍ።

ምክሩ ጥሩ ነበር፤ አሶሳ ግን አልሰማችውም። ቢሻው ዓይኑን በጨፈነ ቁጥር የግቢው ማንጎ ቆርቆሮው ላይ ዱብ ይላል። ማንጎው ሲያርፍ የፎቶ ኮፒ ቤቱ ጄኔሬተር ይነሳል። ጄኔሬተሩ ሲተኛ ማዶ ያለው ሙዚቃ ቤት ድምፅ ማጉያውን ወደ እሱ ቤት ያዞረዋል። ይህን ሁሉ ችሎ ትንፋሹን ሊይዝ ሲል ስልኩ ጢን ይላል፤ ተስፈንጥሮ ሲያየው ቴሌ ነው፣ ዕድልዎን ይሞክሩ ይላል። ከዚያ የሐሳብ ባጃጆች ይመጣሉ። የቢሮው ያልፋል፣ የቤት ኪራዩ ያልፋል፣ የእናቱ ጉልበት ሕመም ያልፋል። የሀዊ ግን በሩ ላይ ቆሞ ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቀዋል። ቢሻው ይሳፈራል፤ አይሳፈር ቢባልስ በየት በኩል?

ሕንዳዊው ለእረፍት አገሩ ሲሄድ አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀው፤ ስልክህን እስካልዘጋህ ድረስ የምትሠራው ዮጋ አይደለም፣ መቀመጥ ነው አለው።

ቢሻው ይህን ነገር ብዙ አብሰለሰለው። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ጠዋት እንደ ምንም ቆረጠና ስልኩን አጥፍቶ በርበሬ ዕቃ ውስጥ ከቶ ከደነበት። የዕረፍት ቀን ስለሆነ ጢሙን አልተላጨም። ዝንቡ አላስቀምጥ ስላለው ጋቢውን ከራሱ ጀምሮ ተከናነበ። በረንዳው ላይ ምንጣፍ አንጥፎ ዓይኑን ጨፈነ።

ጎረቤቱ ሰዕዲያ፣ ገበያ ላይ ማር የምትሸጠው፣ አካፋ ልትዋስ የገባችው ያኔ ነው። መሬት የተነጠፈ ምንጣፍ አየች፤ የተከናነበ ጋቢ፣ ያልተላጨ ጢም፣ የተጨፈነ ዓይን አየች። ከዚህ ወዲያ ምን ይጠየቃል? ሐዘንተኛ ደግሞ ማን ሞተብህ ተብሎ አይጠየቅም። ኮቴዋን አጥፍታ ወጣችና ለእድሩ ዳኛ ለጋሽ ዲሳሳ ነገረቻቸው። እሳቸውም ማን እንደሞተ ሰዕዲያ የምታውቅ መስሏቸው ዝም አሉ፤ እሷም እሳቸው አጣርተው የሚነግሯት መስሏት ዝም አለች። በዚህ መተማመን የእድሩ አግዳሚ ወንበር በሸክም መጣ፣ ውሃ ተቀዳ፣ የሰፈሩ ሰው ነጠላውን ዘቅዝቆ ገባ። ሙዚቃ ቤቱ ለክብር ሲል ዘጋ። ጄኔሬተሩ ጠፋ። ጋሽ ዲሳሳ መንገዱ አፍ ላይ ቆመው ባጃጆቹን በሌላ በኩል መለሷቸው።

ቢሻው ይህን ሁሉ አላየም። የሰማው ጸጥታ ብቻ ነው። አሶሳ እንዲህ ጸጥ ስትል ሰምቶ አያውቅም፤ ደረስኩ አለ በልቡ። ሐሳቦቹ እየመጡ አለፉ። በመጨረሻ የሀዊም መጣ፣ ትንሽ ቆመ፣ አለፈ። ደረቱ ቀለለው። ወዲያው ግን በረደው። ሳይናፍቃት መቀመጡ የሌላ ሰው ቤት የገባ ያህል አስፈራውና ዓይኑን ገለጠ።

ግቢው በሰው ሞልቷል። ሁሉም ነጠላውን ዘቅዝቋል፤ ሁሉም መሬት መሬት ያያል፤ የሚናገር የለም። ቢሻው መርዶ እንዴት እንደሚነገር እያየ ያደገ ሰው ነው፤ ሰው ሳይጠራ መጥቶ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ አስተማሪ አይፈልግም። ስልኩን የዘጋበት ጠዋት ነው።

«ሀዊ!» ብሎ ደረቱን መታ።

ለቀስተኛው የሚያለቅስበት ስም እስኪያገኝ ነበር የጠበቀው። ሀዊ፣ ሀዊ እያለ ተቀበለው። ጋሽ ዲሳሳ ከመንገዱ አፍ እያለቀሱ መጡ። ለቅሶው መሀል ሰዕዲያ ብቻ ግራ ገብቷት ዙሪያዋን አየች።

«ሀዊ አልሞተም» አለች፣ ሴቱን ሁሉ ወንድ በሚያደርገው አማርኛዋ። «ቅድም ደወለ እኮ። ወላሂ፣ እኔ ራሴ አናገርኩት።»

ለቅሶው እንደተቆረጠ ገመድ ቆመ። እውነቱ ቀስ እያለ ወጣ። ሀዊ ጉብታው ላይ ወጥታ ለቢሻው ብትደውል ስልኩ ዝግ ሆነባት፤ ደንግጣ ለሰዕዲያ ደወለች። ሰዕዲያ ደግሞ ወግ የምታውቅ ሴት ናት፤ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሁሉ ደህና ነው፣ ብቻ ቶሎ ነይ አለቻት። ይህች ደህና ነው፣ ብቻ ነይ የምትባል ነገር ምን ማለት እንደሆነች የማያውቅ አገር የለም። ቢሻው ስልኩን ከበርበሬው ውስጥ አውጥቶ እያስነጠሰ ደወለ። የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም። ሀዊ ጉብታውን ወርዳ መንገድ ጀምራ ነበር፤ መንገድ ላይ ባትሪዋ አልቆ ይሁን ኔትወርክ ጠፍቶ፣ ከዚያ ወዲያ አልተገኘችም።

ጋሽ ዲሳሳ ሲቆጡ ዋሉ፤ ሰፈሩ ሲስቅ ዋለ። ቢሻው ግን ማንም ሳይሞትባት መንገድ ለመንገድ እያለቀሰች ስትመጣ ይታየው ነበር። ከጭንቀቱ ሥር ደግሞ ልትመጣ ነው የሚል ደስታ ነበር፤ አፈረበት፣ ሊያስወጣው ግን አልቻለም። በሩ ላይ ቁጭ ብሎ ባጃጅ ሲቆጥር ሰነበተ። አንዱ ይመጣል፣ ያልፋል። ሌላው ይመጣል፣ ያልፋል።

በሦስተኛው ቀን፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ አንዱ ቆመ።

ሀዊ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ዓይኗ አብጦ፣ አቧራ ለብሳ ወረደች። ቢሻውን በሩ ላይ ቆሞ ስታየው ቦርሳዋን ጣለችው። ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ ዳበሰችው፤ ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ ያንን ያልተላጨ ጢሙን። ማን ሞተ ብላ አልጠየቀችም። እሱ ነበር ማንም አልሞተም እያለ የሚንተባተበው።

«መንገዱን ሙሉ ሰው ስሰጥ ነው የመጣሁት» አለችው። «ነቀምት ሳልደርስ አጎትህን ሰጠሁ። ጊምቢ ላይ አክስቴን። መንዲ ስደርስ አባቴን ሰጠሁት ቢሻው፤ አባቴን። ይኸው ውሰድ፣ እሱን ብቻ ተውልኝ አልኩ። ባምባሲ ላይ የምሰጠው ሰው አለቀብኝ።»

ቢሻው ስለ ምንጣፉ፣ ስለ ጋቢው፣ ስለ በርበሬ ዕቃው አንድ በአንድ ነገራት።

«ለምን ነበር የተቀመጥከው?»

«አንቺን ላለመናፈቅ።»

ሀዊ አየችው። ስቃ ሳትጨርስ አለቀሰች፤ አልቅሳ ሳትጨርስ ነጠላዋን አቃንታ ለበሰች።

ፈቃዷ አጭር ነበር፤ ግማሹን መንገድ በልቶታል። መነኸሪያ ድረስ ሸኛት። አውቶቡሱ ከዓይኑ እስኪጠፋ ቆሞ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ በረንዳው ላይ ምንጣፉን አነጠፈና ተቀመጠ። ስልኩን አልዘጋውም፤ ከፊቱ አስቀመጠው። ዓይኑንም አልጨፈነም። ማንጎ ቆርቆሮው ላይ ዱብ አለ፤ ሙዚቃ ቤቱ ተከፈተ። ሰዕዲያ ከለቅሶው ማግስት የተዋሰችውን አካፋ ልትመልስ ገብታ አየችውና ቆመች። ያለፈው ስህተት ስላስተማራት ይህን ጊዜ ወጉን ትታ ጠየቀችው።

«ዛሬስ ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ሀዊ ሄደች።»

ሰዕዲያ አካፋውን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። ጫማዋን አወለቀችና ምንጣፉ ጫፍ ላይ አብራው ተቀመጠች።