የምንሽሩ ሳጥን

«ቁልፉ የታለ?» አሉ ግራዝማች ሀብተ ማርያም።

አሰጋሽ ከሳጥኑ ላይ አልተነሣችም። ከማለዳ ጀምራ ጥቁር የሱፍ ባና አልብሳው ተቀምጣበታለች። ለቅሶ የመጣው ሰው የወንድሟን ዕቃ አቅፋ የምታለቅስ መስሎት ከንፈሩን መጥጦላታል። እሷን የያዛት ግን ከልቅሶው ይልቅ ፍርሃቱ ነበር። ቁልፉ መቀነቷ ውስጥ ተቋጥሮ ጎኗን ይቆረቁራታል።

«መንገድ ላይ ወድቆ ይሆናል፣ አባባ።»

«እንግዲያው በመጥረቢያ ይከፈታል። የራቤል አገር ለቀስተኛ ሳይደርስ የልጄ ምንሽር መውጣት አለበት።»

ይህን ብለው ወደ ዳሱ ተመለሱ። አሰጋሽ መቀነቷን ጠበቅ አደረገች።

የወንድሟ የተገኘ መርዶ እዚህ መንዝ፣ ቀየት የደረሰው ሐሙስ ነው። ከሥራ ጓደኞቹ ጋር ከናዝሬት ሲመለሱ መኪናቸው ተገልብጦ ሞተ፤ አዲስ አበባ ተቀበረ። አብሮት ይሠራ የነበረው ጌጡ ሳጥኑን እስከ ደብረ ብርሃን በጭነት መኪና፣ ከዚያ ወዲህ በበቅሎ አምጥቶ ትናንት ገባ። ዛሬ እሑድ ዋናው ልቅሶ ነው። ሬሳው ከሌለ ደግሞ የሟቹ ዕቃ ይወጣል። ጠመንጃው አፈሙዙ ወደ መሬት ተዘቅዝቆ ከፊት ይሄዳል፤ ሰው እሱን እያየ ደረቱን ይደቃል። የአገሩ ወግ ይኸው ነው፤ ወግ ሲጓደል ደግሞ መንዝ ዝም አይልም።

ምንሽሩ የነአሰጋሽ አያት ጠመንጃ ነበር። ከሰባት ዓመት በፊት ተገኘ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊነት አገኘሁ ብሎ አዲስ አበባ ሲሄድ ግራዝማች ራሳቸው አነገቱት። «ባዶ ትከሻውን ከተማ የገባ የኔ ልጅ አይባልም» ነበር ያሉት።

ሳጥኑ ውስጥ ምንሽር የለም። ተገኘ ዓመት ሳይሞላው ሸጦት ሳክስፎን ገዛበት። ጸሐፊም ሆኖ አያውቅም። ይህን በዚህ ግቢ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አሰጋሽና ጌጡ።

አልቃሿ ጥሩሸዋ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ገባች። ልቅሶ በዋለበት ሁሉ የማትጠፋ፣ ንፍሮ ስትዘግን ሁለት እፍኝ የማይበቃት ሴት ናት፤ አፏን ስትከፍት ግን ድንጋይ ታስለቅሳለች።

«አንቺ፣ ምን ብዬ ላልቅስለት? ሥራው ምን ነበር?»

«ጸሐፊ።»

«ኧረ በማርያም! በጸሐፊ ምን ሙሾ ይወጣል? ደግነቱ ምንሽሩ አለ። ስሚኝማ።» ጎንበስ ብላ በለሆሳስ አወረደችው።

«ያያቱን ምንሽር አንግቶ ወጥቶ፣
ምንሽሩ ገባ ጌታውን ትቶ።»

«ያምራል» አለች አሰጋሽ።

ጥሩሸዋ ስትወጣ ጌጡ በጓሮ በር ገባ። የከተማ ጫማው በጭቃ ተለውሷል።

«ሳክስፎኑን ደብቅልኝ» አለችው። «ባዶ ሳጥን ይሻለኛል።»

«ባዶ ሳጥን ሲያዩ ምንሽሩን ሰረቅህ ብለው እኔን ይይዙኛል፣ እታለም። ደግሞስ ሌላ የሚወጣ ምን ዕቃ አለው? ልብሱን ለብሶት ተቀበረ።»

እውነቱን ነው። አሰጋሽ ዓይኗን ጨፈነች። የታያት ግን የተሰበረው ማሲንቆ ነው። ተገኘ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር። ከፈረሳቸው ጭራ ፀጉር ነቅሎ፣ ከፍየል ቆዳ ጋር አዋህዶ የሠራትን ማሲንቆ አባቱ በጉልበታቸው ሰበሯትና በጎረቤት ፊት ማሉ። «ከኔ ወገብ ወጥቶ አዝማሪ የሆነ በቁሙ ሞቷል። ሁለተኛ ሲሞት አላለቅስለትም!» ግራዝማች የማሉትን አጥፈው አያውቁም። አሁን ሳጥኑ በሰው ፊት ቢከፈት ከዳሱ ተነሥተው ይሄዳሉ። አባት የተነሣበት ልቅሶ ላይ የሚቀመጥ የለም። ወንድሟ አገሩ ላይ አንድ ቀን እንኳ ሳይለቀስለት ሊቀር ነው።

ከውጭ የመጥረቢያ ድምፅ ሰማች። እንጨት የሚፈልጥ ሰው ነበር፤ እሷ ግን ዘላ ተነሣች።

ከሁለት ዓመት በፊት ለዓይኗ ሕክምና አዲስ አበባ ሄዳ ነበር። ያን ጊዜ ነው ተገኘ እውነቱን ነግሯት ሳክስፎን የሚነፋበት ክለብ ድረስ ይዟት የሄደ። በነጠላዋ ተሸፋፍና ጥግ ላይ ተቀመጠች። ሰዉ ከረባት አድርጓል፤ ጭሱ ዓይን ያቃጥላል። ጌጡ ከበሮ በእጁም በእግሩም ይመታል። መጀመሪያ የተጫወቱት ጃዝ የሚሉትን ነው፤ ለአሰጋሽ በግና ውሻ አንድ በረት የገቡ መሰላት። በኋላ ሌሎቹ ዝም አሉና ተገኘ ብቻውን ወደ ፊት ወጣ። ዓይኑን ጨፍኖ ቀስ አድርጎ ነፋ።

እናታቸው የሞተች ዕለት በአባታቸው ግቢ የወረደው ሙሾ ነበር፤ ዜማው ምንም አልጎደለም። ከረባት ያደረገው ሰው መጠጡን ትቶ ፈዞ ይሰማል። ሲያበቃ «ይደገም! ይደገም!» እያለ ጠረጴዛ ደበደበ። ከዚያ ሁሉ ሰው የምታለቅሰው እሷ ብቻ ነበረች።

«ምነው ይህን?» አለችው በኋላ።

«አባባ ወንድ ልጅ ድምፁን አያሰማም ብለው ያን ዕለት ከለከሉኝ፣ እታለም። አሁን በየሳምንቱ አለቅስላታለሁ» ብሎ ሳቀ። ቀጥሎ ሳቁ ጠፋና እጇን ያዘ። «አባባ እንዳይሰሙ፣ አደራ።»

አሁን ከውጭ ጥሩንባ ተነፋ፤ የራቤል ሰው ዳገቱን ወጣ ማለት ነው። ግራዝማች መጥረቢያ ይዘው ገቡ።

አሰጋሽ እግራቸው ላይ ወደቀች።

«አይስበሩት፣ አባባ! ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ምንሽሩ የለም። ሸጦታል።»

መጥረቢያው እጃቸው ላይ እንዳለ ቀረ። «ሸጦ ምን ገዛ?»

ቁልፉን ከመቀነቷ ፈታ ሳጥኑን ከፈተች። ቢጫው ሳክስፎን በጨለማው ጎጆ ውስጥ አበራ። ግራዝማች ጎንበስ ብለው አዩት።

«ይነፋል?»

«ይነፋል፣ ጌታዬ» አለ ጌጡ ከበሩ ሥር።

«ለማን?»

ጌጡ ወደ አሰጋሽ ዞረ። ከዚህ በኋላ መዋሸት ምን ይጠቅማል? «ክለብ ይባላል፣ አባባ» አለች። «ሰው የሚጠጣበት፣ የሚጨፍርበት ነው። ሲነፋ ሰምቼዋለሁ። የእማዬን ልቅሶ ነበር የሚነፋ።»

«አትዋሺ!»

አሰጋሽ እንደ ተንበረከከች ዜማውን ያለ ቃል አወጣችው። ድምፏ ሁለት ጊዜ ተቆረጠ፤ ሁለት ጊዜ ቀጠለች። ግራዝማች ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚያ መጥረቢያውን ጥለው ወጡ።

«ግራዝማች፣ ወዴት ነው?» የሚል የጥሩሸዋ ድምፅ ከውጭ ተሰማ። የዳሱ ጉምጉምታ ቀስ በቀስ ጸጥ አለ።

«ሄዱ» አለች አሰጋሽ። «አለቀ። ወንድሜን ቀበርኩት።» ሳጥኑን ልትዘጋ ክዳኑን ያዘች።

በሩ ጨለመባት። ግራዝማች ደፉ ላይ ቆመዋል፤ ከግቢው አጥር አላለፉም ነበር። ዓይናቸው ቀልቷል።

«በቁሙ ሞቷል አልኩ እንጂ» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው፣ «ያን ጊዜስ መቼ አለቀስኩለት።»

ሳጥኑ አጠገብ ተንበረከኩ። እጃቸውን ሰደዱና መልሰው ሰበሰቡት። «የት ጋ ነው የሚያዘው?»

ጌጡ ሮጦ መጥቶ ማንገቻውን ትከሻቸው ላይ አደረገላቸው። «አፉ እንዲህ ወደ ላይ ነው የሚሆነው፣ ጌታዬ።»

«አውቄያለሁ» አሉ ግራዝማች። ሳክስፎኑን በሁለት እጃቸው ገለበጡት፤ ሰፊውን አፉን ወደ መሬት ዘቅዝቀው ያዙትና ሰዉ ወደሚጠብቅበት ዳስ ወጡ።