ትንፋሽ ያጠረው ፒካፕ

የእህቴ ባል፣ ጋሼ የምላቸው፣ አናጢ ናቸው። ፒካፓቸውን ጋራዤ ደጃፍ አቁመው ሞተሩን ሳያጠፉ ወረዱና ሰላምታ እንኳ ሳይሉኝ፣ «ዛሬ ካልደረስን አለቀልን» አሉ።

እህቴ ውስጥ ተቀምጣለች። እግሯ አብጦ ጫማ አልገባ ስላላት ነጠላ ጫማ ነው ያደረገችው። ኩላሊቶቿ ሥራ ካቆሙ ወዲህ ደሟ የሚታጠበው በማሽን ነው፤ ማሽኑ ደግሞ ያለው ከዳገቱ ማዶ ሆስፒታል ነው። ያለፈው ተራዋ ፒካፑ መንገድ ላይ ጠፍቶ አምልጧታል። ዛሬም ካመለጣት ምን እንደሚከተል ሐኪሙ ለጋሼ ነግሯቸዋል፤ ጋሼም ለእኔ። ለእሷ ማንም አልነገራትም፤ ግን ከሁላችንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት።

«አምቡላንሱስ?»

«ምጥ የያዛት ሴት ሊያመጣ ገጠር ወጥቷል። የኪራይ መኪናም ፈልጌ አጣሁ።»

በመስኮቱ አንገቴን አስገባሁ። «እቴቴ፣ እንዴት ነሽ?»

«እኔን ተወኝና ይቺን እያት። ከእኔ ብሳለች።»

ይህቺ ፒካፕ አታልላኛለች። ባለፈው ካርቡሬተሯን አጥቤ፣ የነዳጅ ማጣሪያዋን ቀይሬ፣ ጋራዥ ውስጥ ነዳጅ ስረግጥባት ጥርት ያለ ድምፅ አወጣች። መንገድ ስትወጣ፣ ፍጥነት ስትጠየቅ፣ ድርቅ አለች። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ የማውቀውን ያወቅሁት ጆሮዬን ደቅኜ ነው። ሠፈሩም «ጆሮ» እያለ ነው የሚጠራኝ። አሁንም የሞተሩን ኮፈን ከፍቼ አዳመጥኩ። ምንም የለም። ሞተሩ እንደ ሰዓት ይዞራል።

ቤንዚኑን የሚያቀጣጥሉትን ካንዴላዎች ፈታሁ። ነጭ ሆነዋል። ሞተር ቤንዚን ሲያንሰው ካንዴላው እንዲህ ይነጣል። ነዳጁ አልደርስ ብሏል ማለት ነው። ማጣሪያው አዲስ ከሆነ ጥፋቱ የፓምፑ ነው ብዬ ደመደምኩ፤ አጥር ሥር ከቆመች መኪና ፓምፕ ነቅዬ ገጠምኩ።

«በቃ?» አሉ ጋሼ።

«በቃ። እኔ እነዳለሁ።»

እሳቸው ከኋላ የዕቃ መጫኛው ላይ ወጡ። እህቴ ከጎኔ ሆና መስኮቱን ዝቅ አደረገች፤ አየር ያጥራታል። ሜዳውን እንደ ምንም አለፍነው። በሆዴ «ፈጣሪዬ፣ ይህቺን ዳገት ብቻ» አልኩ።

ዳገቱ ወገብ ላይ ነዳጅ ስረግጥ ሞተሩ አንዴ አነቀው፣ ደግሞ አነቀው፣ ከዚያ ጸጥ። ፍሬኑን በሁለት እግሬ ያዝኩ። ጋሼ ዘለው ወርደው ከኋላ ጎማው ሥር ድንጋይ ወሸቁ። ሲሚንቶ የጫነ መኪና ከኋላችን መጥቶ ሊነካን ሲል ቆመ፤ ክላክሱን ለቀቀው።

«ኧረ ወዲያ በሉልን! መኪና ነው ጋሪ? አህያ ጨምሩበት!» አለ ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ።

ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሩ ይዞራል፣ አይነሳም። እህቴ ዓይኗን ጨፍና በአፏ ትተነፍሳለች። ፓምፑ አልነበረም። ተሳስቻለሁ፤ ስህተቴ ዳገት መሐል ይዟት ቆሟል።

ወረድኩ። «እባክህ ክላክሱን ተውልኝ! ልስማበት!»

ሾፌሩ ምን እንደ ታየው እንጃ፣ ተወው። እህቴ በመስኮቱ አየር ስትስብ አይቶ ይሆናል። ጸጥታው ውስጥ ከእሷ በር በስተኋላ ስስ ፉጨት ሰማሁ፤ ቀጥሎም ቆርቆሮ ሲጨመደድ እንደሚለው «ጣ» አለ። የቤንዚን ታንከሩ ነው። የመሙያውን በር ስከፍት ክዳኑ በጥቁር ላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ዙሪያው በሙጫ ታሽጎ አየሁት። እንደ ምንም ታግዬ ስፈታው ታንከሩ አየሩን ሽው አድርጎ ወደ ውስጥ ሳበው።

አሁን ገባኝ። ቤንዚን ሲወጣ በቦታው አየር መግባት አለበት፤ መግቢያው የክዳኑ ቀዳዳ ነው። ቀዳዳው ከታፈነ ታንከሩ የያዘውን አይለቅም፤ ብዙ ሲጠየቅ ይባስ ይጨብጣል። ቆማ ስታድር ግን አየሩ በሆነ ስንጥቅ ቀስ ብሎ ስለሚገባ ጋራዤ ስትደርስ ደህና ናት።

«ይህን ማን አሸገው?»

ጋሼ መሬት መሬት አዩ። «እኔ ነኝ። የቤንዚኑ ሽታ በመስኮቱ እየገባ ያስመልሳታል። መንገዱን ሙሉ አንገቷን ደፍታ ነበር የምትሄደው። እና… አሳምሬ አሸግኩት።»

ሙጫው ክዳኑ ቀዳዳ ውስጥ ደርቋል። በቢላ ብሞክር ንቅንቅ አላለም። ያለን አማራጭ ክዳኑን አላልቶ መሄድ ነው፤ እሱ ደግሞ ሽታውን በሙሉ ይለቀዋል። እህቴን አየኋት። ሰምታናለች።

«ክፈተው።»

«እቴቴ፣ ያለሽ አቅም…»

«ክፈተው አልኩህ እኮ! ለማስመለስ የሚሆን አቅም አላጣም።»

ክዳኑን መልሼ ገጥሜ ሩብ ያህል አላልቼ ተውኩት። ሾፌሩ ወርዶ መጣ፤ ድንጋዩ ላይ ሌላ ድንጋይ ጨመረ። «ሞተሯ ሲነሳ እኔ ድንጋዩን እይዛለሁ፣ አባባ ይሳፈሩ» አለ። ስለ አህያው አላነሳም።

ቁልፉን አዞርኩ። ተነሳ። ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብዬ ለቀቅኩና ነዳጁን ረገጥኩ፤ እንዳይጠፋ ፈርቼ በግማሽ።

«ርገጠው እንጂ!» አለች እህቴ፣ አፏን በሻርፗ ይዛ።

ረገጥኩት። ፒካፑ ተንደርድሮ ወጣ። ሽታው ዓይን ይቆጠቁጣል። እህቴ በመስኮቱ ተደፍታ አስመለሳት፤ እግሬን ከነዳጁ ላነሳ ስል ሳትዞር ጉልበቴን በቡጢ መታችኝ። አላነሳሁም። ቁልቁለቱ ሲጀምር ከኋላ ጋሼ የመጫኛውን ብረት እየደበደቡ ይጮኹ ነበር፤ ምስጋና ይሁን ልቅሶ አልለየሁም።

ስንደርስ ነርሷ ተራውን ለሌላ ልትሰጥ ስም እየጠራች ነበር። እህቴን ደግፈን አስገባን። ቱቦዎቹ ተሰክተው ደሟ መዞር እስኪጀምር ማናችንም አልተነፈስንም።

ጋሼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «በገዛ እጄ ልገድልሽ ነበር።»

እህቴ ዓይኗን ገለጠች። ከንፈሯ ደርቋል።

«አንተ ሰውዬ፣ ሎሚ ግዛልኝ፤ መንገድ ላይ አሸተዋለሁ። ሙጫህን ግን ለወንበር አድርገው።»

ጋሼ መሳቅ ጀመሩ። ሳቁ መሐል ላይ ተቋረጠባቸውና ያበጠ እግሯን በሁለት እጃቸው አቅፈው አቀረቀሩ። ነርሷ ልታስወጣን መጥታ አየቻቸው፤ መጋረጃውን ሳብ አድርጋ ሄደች።