ዝምድና፦ ወንድም

በመድን ድርጅቱ መዝገብ መሠረት ሐሞት የለኝም። ይህን የነገረችኝ መስኮት አራት ላይ የምትሠራው የካሳ ክፍል ሠራተኛ ናት። የሐኪሙን ወረቀት በመስታወቱ ሥር ወደ እኔ መልሳ አንሸራተተችውና፣

"እናቴ፣ የሐሞት ከረጢትዎ ከአምስት ዓመት በፊት በቀዶ ሕክምና ወጥቷል፤ የከፈልነውም እኛ ነን። የወጣ ነገር ሁለተኛ ሊወጣ አይችልም" አለችኝ።

"አልትራሳውንዱ ላይ ግን አለ" አልኩ። "ከነጠጠሩ።"

"አይቼዋለሁ። ኮምፒውተሩ ግን የለም ይላል።"

ከኋላዬ ተሰልፈው የነበሩ ሽማግሌ፣ "ሐሞት የሌለው ሰውማ እዚህ ወረፋ ላይ አይቆምም" አሉ። ሁለት ሦስት ሰዎች ሳቁ። ቀኝ ጎኔን ይዤ ከሰልፉ ወጣሁ።

ነገሩ ወዲያው ገብቶኝ ነበር። የወጣው የታናሽ እኅቴ ሐሞት ነው።

እኅቴ ፀጉር ቤት ተቀጥራ ትሠራለች፤ መድን የሚባል ነገር ኖሯት አያውቅም። ባለቤቴ ደግሞ በአንድ የውኃ ሥራዎች መሥሪያ ቤት የንድፍ ሠራተኛ ስለነበር እሱና እኔ ሽፋን ነበረን። እኅቴ በሐሞት ጠጠር ታምማ ቆዳዋ ቢጫ የሆነ ጊዜ ባለቤቴ የመድን ካርዴን ከቦርሳዬ አወጣና ፎቶግራፉን አየው። "መልካችሁ እንደሆነ አንድ ነው። ይሄ ፎቶ ደግሞ ድሮም አንቺን አይመስልም" አለኝ። እኔ ተማሪዎቼን የምፈትንበት ቀን ስለነበር ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ፤ እሱ እሷን ይዞ ሆስፒታል ገባ። በእኔ ስም ተኛች፣ በእኔ ስም ተቀደደች፣ ድና ወጣች። ሦስታችንም ነገሩን ረሳነው። መዝገብ እንደማይረሳ ያሰበ አልነበረም።

ባሏ የሞተባት ሴት ለሦስት ዓመት በባሏ ሽፋን መቆየት ትችላለች። እሱ ካረፈ ሦስት ዓመት ሊሞላ ሰባት ሳምንት ቀርቶት ነበር። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ለመምህራን መድን አይገባም፤ የቀዶ ሕክምናው ዋጋ ደግሞ ከዓመት ደመወዜ ይበልጣል። ሕመሙ ከጎድኔ ሥር ተነሥቶ እስከ ትከሻዬ ይወጣል። ክፍል ውስጥ ሲጀምረኝ ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዞርና ጠመኔውን ተጭኜ እቆማለሁ፤ ተማሪዎቹ የምጽፈው የጠፋኝ ይመስላቸዋል። ሐኪሙ፣ "ጠጠሩ ቱቦው ውስጥ ከገባ ቀጠሮ አይጠብቅም" ብሎኛል።

ማክሰኞ ተመልሼ ስሄድ ሠራተኛዋ የቆየውን ፋይል ከመጋዘን አስወጥታ ጠበቀችኝ። በጎን በር አስገብታ ጠረጴዛዋ አጠገብ አስቀመጠችኝ። ፊቷ ሁለት ወረቀቶች ነበሩ። አንዱ ባለቤቴ አባል ሲሆን የሞላው ቅጽ ነው። ሌላው የሆስፒታሉ ነው፤ ከቀዶ ሕክምና በፊት የታካሚ ቤተሰብ የሚፈርምበት። ከግርጌው ሁለት ቦታ አለው፤ "ፊርማ" እና "ዝምድና"። ዝምድና በሚለው ላይ "ወንድም" ተብሎ ተጽፏል።

ሐሞቴ ፍስስ አለ። የንድፍ ሰው ጽሕፈት ነው፤ ፊደሎቹ በማይታይ ሳጥን ውስጥ የተቀመጡ ይመስል እኩል ናቸው፣ የ"ም" እግር በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ደብተሮቹንና ንድፎቹን ወንድሞቹ ከወሰዱ ወዲህ ቤቴ ውስጥ የቀረው የእጁ ጽሑፍ በፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ የለጠፈው ብቻ ነው። "ማድ ቤት። በረንዳ። መኝታ።"

"ወንድም አለዎት?" አለችኝ።

"የለኝም። ሁለት ሴቶች ነን።"

"ባለቤትዎስ ያን ቀን የት ነበሩ?"

አጎንብሼ ጽሕፈቱን አየሁ። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጋ ፊርማዎቹን አየች፤ ለማየት ከሚበቃው ጊዜ በላይ አየች። ከዚያ የአባልነቱን ቅጽ በፊቱ ደፋችው።

"እንግዲህ እንዲህ ነው" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ባል እያለ የፈረመው ወንድም ነው። ወንድም ደግሞ የለዎትም። ስለዚህ የሌላ ሴት መዝገብ በስህተት በእርስዎ ስም ገብቷል ማለት ነው፤ ሲያጋጥም አይተናል። አንድ ወረቀት ይጻፉልኝ። 'በዚህ ቅጽ ላይ የፈረመውን ሰው አላውቀውም' ይበሉ፤ እኔ እሰርዘዋለሁ።"

"ወንድም የለኝም ብቻ ብልስ?"

"ታዲያ ማን ነው የፈረመው ብለው እኔን ይጠይቁኛል። እስከ ዓርብ ያስቡበት፤ ከዓርብ በኋላ ፋይሉ ወደ አለቃዬ ይሄዳል።"

በማግስቱ እኅቴ ከሥራ ስትወጣ መጣች። ስነግራት የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች።

"ወንድም ብሎ ነው የጻፈው?"

"አዎ።"

"አይ ጋሼ! ነርሷ ቅጹን ስትሰጠው ብዕሩን ይዞ ተገተረ። እኔ ደግሞ በሕመም ልሞት ነው። 'ጋሼ፣ ባል በልና እንገላገል' አልኩት። 'ጨርሻለሁ፣ አንቺ ችኩል' አለኝ። እኔማ ባል ብሎ የጻፈ መስሎኝ!" ሳቀች፤ ሳቋ መንገድ ላይ ቀረ። "በሰው ስም አስተኝቶኝ፣ በሰው ካርድ አስቀድዶኝ፣ ሁለት ፊደል መጻፍ አፈረ።"

"መዋሸት አይችልበትም ነበር።"

"እኔ ልሂድ እትዬ። ሆዴን ገልጬ ጠባሳዬን ላሳያቸው። ያታለልኳችሁ እኔ ነኝ፣ እሱ የሚያውቀው ነገር የለም ልበላቸው።"

"ፊርማውስ?"

ብርጭቆዋን መልሳ አነሣች።

"እሱን አጭበርባሪ ብለው ይመዘግቡታል" አልኳት። "ሽፋኑም በዚያው ቀን ይቋረጣል።"

"ታዲያ ጻፊላታ! ምን ትጠብቂያለሽ? ወረቀት እኮ ነው። እሱ ቢኖር ዛሬውኑ ጻፊ ነበር የሚልሽ።"

"እሱ ቢሆን ወንድም ብሎ ነው የሚጽፈው።"

"አንቺ ደግሞ" አለችና ብርጭቆዋን ይዛ ወደ ማድ ቤት ሄደች። ውኃው ለረጅም ጊዜ ሲወርድ ሰማሁት።

ሐሙስ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሕመሙ ተነሣብኝ፤ በመምህራን ክፍል ቅርጫት ውስጥ አስመለሰኝ። ዓርብ ጠዋት ፊቴን ታጥቤ መስታወት ሳይ የዓይኔ ነጭ ወደ ቢጫ መሄድ ጀምሯል። ባዮሎጂ ነው የማስተምረው፤ ምን ማለት እንደሆነ ሌላ ሰው እንዲነግረኝ አላስፈለገኝም።

ሠራተኛዋ ነጭ ወረቀትና ብዕር ሰጠችኝ። ጻፍኩ። አንድ መስመር ነው፤ ስምና ቀን ሲጨመርበት ሦስት። ወረቀቱን አነበበች፣ ማኅተም መታችበት፤ ከዚያ የሆስፒታሉን ቅጽ ስባ በቀይ ብዕር ከጥግ እስከ ጥግ አሰመረችበት። መስመሩ "ወንድም" በሚለው ላይ አለፈ።

"አለቀ እናቴ። ሰኞ መተኛት ይችላሉ።"

ተነሣሁ፤ ግን አልሄድኩም። "የዚህን ቅጽ ኮፒ ልታወጪልኝ ትችያለሽ?" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ክፉ ልጅ አልነበረችም።

"የማያውቁት ሰው ፊርማ ምን ያደርግልዎታል?" አለች፤ ሌሎቹ እንዳይሰሟት በጣም ቀስ ብላ።

"እውነትሽን ነው" አልኳትና ወጣሁ።

ሰኞ ገባሁ፤ የፈረመችልኝ እኅቴ ናት። ስነቃ በትንሽ ጠርሙስ የተጨመሩ ጠጠሮች ፊቴ ላይ እያንቀጫቀጨች፣ "አሁን እንኳ የእውነት ሐሞት የለሽም" አለችኝ።

"አታስቂኝ፣ ስፌቱ ይይዘኛል።"

ጠርሙሱን ኮሜዲኖው ላይ አስቀመጠችው። ስለ ወረቀቱ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አላነሣሁባትም።

ሐሙስ ቤት አደረሰችኝ። ቦርሳዬን ይዛ ወደ መኝታ ቤት ስትገባ እኔ ኮሪደሩ ላይ ቀረሁ። ግድግዳውን ተደግፌ የፊውዝ ሳጥኑን ከፈትኩና በክዳኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበብኩ።

"እትዬ፣ መብራት ጠፋ እንዴ?" አለች ከውስጥ።

"አልጠፋም" አልኳት።