የሑዳዴ ወተት

ፍቅርተማርያም የሕመም ማስታገሻዋን ውጣ ባለ ፎቁ አውቶቡስ ላይኛው ክፍል እንደተቀመጠች ሸለብ አደረጋት። በሕልሟ የገዛ ሆዷ ውስጥ ትሄዳለች። ሰፈሩ የምትኖርበትን የለንደኑን ፊንስበሪ ፓርክ ይመስላል፤ ግን ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል። በየደጃፉ ነጭ ጠጠር ተቆልሏል፣ የሚጠርገው የለም። «ኧረ የሰው ያለህ!» ብትል ማን አቤት ይበላት!

ሕልሙን ያመጣው የሐኪሟ ወሬ ነው። አንጀቷ ከታመመ አሥራ ሁለት ዓመቱ፤ ስንቱን አንቲባዮቲክ ውጣዋለች። «ኩላሊት ውስጥ ጠጠር የሚሆነውን ነገር አንጀት ላይ የሚበሉ ባክቴሪያዎች ነበሩሽ፤ በመድኃኒቱ ተመናምነዋል» ብላት ነበር ሐኪሟ ከጾሙ በፊት። «ከምግብሽ ጋር ወተት ጠጪ፤ ያንን ነገር እዚያው አንጀትሽ ውስጥ ይይዝልሻል።» አንዱ ኩላሊቷ ሥራ አቁሟል። ያላት አንድ ነው።

ምን ያደርጋል፣ ሑዳዴ ገባ። ፍቅርተማርያም በሑዳዴ ወተት ልትጠጣ? ሞቷ ነው! ጠጠር የሚያበዛውን ቆስጣና ለውዝ እየበላች፣ ክሊኒኩ በሰጣት የምግብ መመዝገቢያ ላይ በየቀኑ «ወተት፣ አንድ ብርጭቆ» ብላ ጻፈች። ያቺ ደግ ሐኪም እንዳይከፋት ነዋ፣ ይሉኝታ! ዛሬ ጠዋት ሐኪሟ ደብተሩን አገላብጣ ተከዘች።

«ጠጠሩ አድጓል። ወተቱ አልሠራልሽም ማለት ነው፤ ኦፕሬሽን ልናደርግሽ ነው» አለቻት። ፍቅርተማርያም እውነቱን ልትናገር አፏን ከፍታ፣ መልሳ ዘጋችው።

ከአውቶቡሱ ወርዳ በቀጥታ ወደ ንስሐ አባቷ፣ ወደ አባ ተክለ ሃይማኖት ሄደች። ሁሉንም ዘረገፈችላቸው።

«በጾም ጠጥቶ አልጠጣሁም የሚለኝ ሞልቷል» አሉ አባ፣ ሳቃቸው እየመጣ። «ሳይጠጣ ጠጣሁ የሚል ግን ዛሬ ገና አየሁ! ለታመመ ተፈቅዷል ብዬሽ አልነበረም?»

«ብለውኛል አባቴ። ግን ጤናዬ ሄደ፣ ሥራዬ ሄደ። የቀረኝ ጾሜ ብቻ ነው።»

አባ ሳቁን ተዉት።

«እንግዲያው ቀኖናሽን ስሚ፣ ልጄ። ለሐኪምሽ እውነቱን ትነግሪያታለሽ። እስከ ፋሲካ ድረስ ደግሞ በየምግብሽ ወተት ትጠጫለሽ።»

«አባቴ፣ በእመቤቴ! ሦስት መቶ ስግደት ይዘዙብኝ!»

«ቀኖና ይመረጣል እንዴ?»

መስቀላቸውን ተሳልማ ወጣች። ቤቷ ገብታ ወተቱን ቀዳች። ቆማ አባታችን ሆይን እስከ መጨረሻው ደገመች፤ ከዚያ እያለቀሰች ጨለጠችው።